ሳይገድሉ ጎፈሬ
(«ነፋስን መውረስ» በተሰኘው ተውኔት ላይ የቀረበ ሂስ)

ሂስ ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው፣ ያልወደደውን ሥራ ስላልወደደው ብቻ የሚያጣጥል አንባቢ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው «የኛን ወገን» ስለደገፈለት ብቻ መዳፉ እስኪቀላ የሚያጨበጭብ ነው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናወግዘዋለንም። ሁለተኛው ግን ጓደኛችን ስለሆነ ማንም አይነካውም። ዛሬ የምናነሣው ተውኔት በዚህ በሁለተኛው ሰው ብዙ የተጎዳ ይመስለናል።

ተውኔቱ ጀሮም ሎውረንስና ሮበርት ሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአንድነት የጻፉት «ነፋስን መውረስ» ነው። በ1955 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዳላስ ከተማ መታየት ጀምሮ በዚያው ዓመት ብሮድዌይ ገባ፤ በ1960 ስታንሊ ክሬመር ፊልም አደረገው። ርእሱ ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11 ቁጥር 29 የተወሰደ ነው። ዝግመተ ለውጥ በትምህርት ቤት ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ ይህን ተውኔት ያነበበ ወይም ፊልሙን ያየ ሰው «እሱማ ድሮ ያለቀ ጉዳይ አይደል እንዴ!» ይላል። አላለቀም። እንዲያውም ያለቀ ካስመሰሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ተውኔት ነው ባዮች ነን። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚለው ብሂል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ድል ነው።

ተውኔቱ ምን ይላል?

ታሪኩ የሚፈጸመው ሂልስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በርትራም ኬትስ የተባለ ወጣት መምህር የዳርዊንን ትምህርት ለተማሪዎቹ በማስተማሩ ታስሯል። ሊከሰው ማቲው ሃሪሰን ብሬዲ የተባለ፣ ለፕሬዚደንትነት ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ የወደቀ ዝነኛ ተናጋሪ ይመጣል። ሊከላከልለት ደግሞ ሄንሪ ድራመንድ የተባለ የታወቀ ጠበቃ ይመጣል። መምህሩ የሚወዳት ሬቸል የከተማው ሰባኪ ልጅ ናት። ሆርንቤክ የሚባል ምላሱ ምላጭ የሆነ ጋዜጠኛ ጥግ ይዞ ሁሉንም ያሽሟጥጣል። ዳኛው የሳይንስ ሊቃውንት እንዳይመሰክሩ ሲከለክል፣ ድራመንድ ብሬዲን ራሱን ለምስክርነት ይጠራና በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እየጠየቀ መውጫ ያሳጣዋል። መምህሩ ጥፋተኛ ተብሎ 100 ዶላር ይቀጣል። ብሬዲ «ቅጣቱ አነሰ» ብሎ ይቆጣል፤ ንግግሩን ሊያሰማ ሲሞክር እዚያው ችሎት ውስጥ ይወድቃል፤ ይሞታልም።

መቼም እንደ መድረክ ሥራ ካየነው ጥሩ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ሰባኪው በጸሎት ጉባኤ ላይ የገዛ ልጁን ሲረግም የሚያስቆመው ያው ብሬዲ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ለአንድ አፍታ ሰው ሆኖ ይታየናል። ድራመንድ በልጅነቱ የሱቅ መስኮት ውስጥ አይቶ የጎመጀባትን የእንጨት ፈረስ የሚተርክበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ ላይዋ ወርቅ፣ ውስጧ ብስባሽ እንጨት ሆና ገና እንደተቀመጠባት ለሁለት ተሰበረች። ደራስያኑም ታሪክ ጻፍን አላሉም። በዘመናቸው ማካርቲ የተባለው ሴናተር ሰውን ሁሉ በአስተሳሰቡ እያሳደደ ስለነበር፣ ስለ ማሰብ ነጻነት ሊናገሩ የድሮ ችሎት ተዋሱ። ይህ መብታቸው ነው። ጥያቄያችን ግን ይህ ነው፤ ሲዋሱ ምን ጣሉ?

ዴይተን ላይ የሆነው

እውነተኛው ችሎት የተካሄደው በቴኔሲ ክፍለ ሀገር፣ ዴይተን በምትባል ከተማ፣ ከሐምሌ 10 እስከ 21 ቀን 1925 ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ጆን በትለር የተባለ ገበሬና የምክር ቤት አባል ያቀረበው ሕግ ጸድቆ ነበር። ሕጉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሰው ከበታች እንስሳት መጣ ብሎ ማስተማርን ይከለክላል፤ ቅጣቱ ከ100 እስከ 500 ዶላር ነው። የአሜሪካ ሲቪል ነጻነቶች ማኅበር ሕጉን በፍርድ ቤት የሚፈትን ፈቃደኛ መምህር ፈለገ። የዴይተን ሰዎችም አንድ መድኃኒት ቤት ተሰብስበው «ይህ ችሎት እኛ ዘንድ ቢሆን ከተማችን ስሟ ይነሣል፣ ገበያውም ይደምቃል» ብለው መከሩ። የ24 ዓመቱን ጆን ስኮፕስን አስጠርተው «ትከሰሳለህ?» አሉት፤ እሺ አለ። መቼም አልታሰረም።

ጉዱ ምን መሰላችሁ! የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ራሱ የወረዳው የትምህርት ቦርድ ሊቀ መንበር ነበር፤ የተከሰሰውን የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ የሚሸጠውም እሱው ነበር። መጽሐፉን መንግሥት አጽድቆታል፤ በውስጡ ያለውን ማስተማር ግን መንግሥት ከልክሏል። እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ኮሜዲ እያለ ተውኔቱ ከተማውን ሁሉ በጭፍን ሃይማኖት የሚነዳ መንጋ አደረገው። እውነተኛው ሕዝብ ግን ከስኮፕስ ጠበቆች አንዱ የነበረው ደድሊ ፊልድ ማሎን እውነትን አትፍሩ የሚል ንግግር ሲያደርግ ችሎቱን በጭብጨባ አናግቶታል። ማሎን በተውኔቱ ውስጥ የለም። ጭብጨባውም የለም።

ከሁሉ የተጎዳው ግን ብሬዲ የተቀረጸበት ሰው፣ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ነው። ብራያን የገበሬና የሠራተኛ ተሟጋች ነበር፤ ሴቶች እንዲመርጡ ታግሏል፤ በ1915 አገሩን ወደ ጦርነት ይወስዳል ብሎ የፈራውን መንገድ በመቃወም ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ በፈቃዱ ወርዷል። ዳርዊንን የጠላው ስለ ዘፍጥረት ብቻ አልነበረም። «ጠንካራው ደካማውን ይብላ» የሚል ፍልስፍና ከባዮሎጂ ክፍል ወጥቶ ወደ ጦር ሜዳና ወደ ፋብሪካ እንዳይገባ ሠግቶ ነበር። ባዮሎጂውን አልተረዳውም፤ ሥጋቱ ግን ከባዶ አልተነሣም። ደግሞ «ቅጣቱ አነሰ» ብሎ የጮኸው የመድረኩ ብሬዲ ነው። ብራያን የስኮፕስን ቅጣት ከኪሱ ልክፈል ያለ ሰው ነው። የሞተውም ችሎቱ ካለቀ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ በተኛበት ነው።

የመማሪያው ገጽ

እዚህ ላይ አንድ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። ያ ለክርክሩ መነሻ የሆነው መማሪያ መጽሐፍ የጆርጅ ሃንተር «ሲቪክ ባዮሎጂ» ነው፤ የታተመው በ1914። ዝግመተ ለውጥን ካስረዳ በኋላ የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ይከፍላል። አፍሪካዊውን የሚጠራው «ኢትዮጵያዊ» ወይም ኔግሮ ዓይነት ብሎ ነው፤ መጨረሻ ላይ የአውሮፓንና የአሜሪካን ነጭ ያመጣና የሁሉ የበላይ ያደርገዋል። ሌላ ቦታ ደግሞ ወንጀልና የአእምሮ ድካም በዘር ይወርድባቸዋል ያላቸውን ቤተሰቦች ከጥገኛ ተባይ ጋር አስተያይቶ እንዳይዋለዱ መከልከልን ይመክራል።

እንግዲህ በመድረኩ ላይ «የእውነት መጽሐፍ» ሆኖ የሚያበራው የሳይንስ ትምህርት በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ይህን ገጽ ይዞ ነበር የገባው። የዴይተን ተከራካሪዎች በዚህ ገጽ አልተጣሉም። ብራያን ከመጽሐፉ ያነሣው ሰው ከአጥቢ እንስሳት ጋር በአንድ ክብ ውስጥ መከተቱን ነው፤ በዚያ ቀለደ። ስለ ዘር ደረጃው ግን ክርክር አልተነሣም። ተውኔቱም ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሲጻፍ አላየውም። ያ ገጽ ቢገባ ኖሮ ድራመንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር፤ ተመልካቹም «ለመሆኑ የማን ወገን ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ጥሩ ተውኔት ደግሞ የሚያስጠይቅ ነው።

ይህን ስንል ሳይንስን ለማጣጣል አይደለም፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ያንን ገጽ ያፈረሰው ተጨማሪ ማስረጃ ነው። በዚያው በ1925፣ ከችሎቱ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሬይመንድ ዳርት በደቡብ አፍሪካ ታውንግ የተገኘችውን የሕፃን ራስ ቅል ለዓለም አስታወቀ። በ1974 ደግሞ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ተገኘች። «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ስም የደረጃ መጠሪያ ላደረገው መጽሐፍ የኢትዮጵያ አፈር ራሱ መልስ ሰጠው። መማሪያ መጽሐፍ ሊሳሳት ይችላል፤ ሳይንስ ግን የሚታረምበት በር ከውስጥ አለው። መምህር ለተማሪው ሊያሳየው የሚገባውም በሩን ጭምር ነው።

የተሳሳተው ድል

አሁን ወደ ተውኔቱ ጫፍ፣ ወደ መስቀለኛው ጥያቄ እንምጣ። በዴይተንም ሆነ በመድረኩ ጥያቄው ይኸው ነው። ዮናስን አሣ ዋጠው ወይ? ኢያሱ ፀሐይን አቆመ ወይ? ቃየል ሚስቱን ከየት አገኘ? የፍጥረት ቀኖች 24 ሰዓት ናቸው ወይ? ብራያን በመጨረሻው ላይ ቀኖቹ ረጅም ዘመናት ሊሆኑ እንደሚችሉ አመነ። አዳራሽ ይስቃል።

ግን ይህ ሁሉ ጥያቄ ስለ ዝግመተ ለውጥ አንዲት ነገር አስረድቷል? አላስረዳም። ዳኛው ሊቃውንቱን ከጁሪው ፊት ስለከለከለ ሳይንሱ አልተሰማም፤ ዳሮው (የመድረኩ ድራመንድ) የቀረው መሣሪያ ፌዝ ነበር። ፌዙ ሰውየውን ጣለው፤ ሕጉ ግን ቆሞ ቀረ። ጁሪው በ9 ደቂቃ ፈረደ። በ1927 የቴኔሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን የሻረው መቀጮውን ጁሪው ሳይሆን ዳኛው በመወሰኑ ነው፤ ሕጉን ግን አጸናው። ሕጉ የተሰረዘው በ1967 ነው። በመሃሉ አሳታሚዎች ፈርተው የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት አሳንሰውት ወይም አውጥተውት ነበር። አዳራሹ እየሳቀ ሳለ የተማሪው መጽሐፍ ባዶ ነበር ማለት ነው። ይህን መጋረጃው ሲወርድ የሚነግረን የለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ተውኔቱ ተመልካቹን ያስታጠቀው «ስድስት ቀን» የሚልን ተቃዋሚ በሚያሸንፍ ጦር ብቻ ነው። ተቃዋሚው «ስድስት ቀን» ማለቱን ትቶ ቢመጣስ?

መጣ እንጂ! በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አርካንሳስ ዝግመተ ለውጥን መከልከሏን ሻረ። ቀጥሎ ሉዊዚያና በ1981 «ሚዛን» የሚል ሕግ አወጣች፤ ዝግመተ ለውጥ ከተሰጠ «የፍጥረት ሳይንስ»ም እኩል ይሰጥ የሚል። ይህም በ1987 በ7 ለ2 ድምፅ ወደቀ። ከዚያ «የጥበበኛ ንድፍ» ትምህርት መጣ። ዘፍጥረት የለበትም፣ ኖኅ የለበትም፣ ቀን አይቆጥርም። የሚለው ይህን ነው፤ በሕዋስ ውስጥ አንድ ክፍሉ ቢጎድል የማይሠራ ውስብስብ ነገር አለ፤ ይህ ቀስ በቀስ ሊመጣ አይችልም፤ ስለዚህ ጥበበኛ ነዳፊ አለው። ማይክል ቢሂ የተባለው የባዮኬሚስትሪ መምህር በ1996 መጽሐፉ ላይ የአይጥ ወጥመድን በምሳሌነት አቀረበ፤ አንዱን ክፍል ብትነቅለው አይጥ አይዝም። ድራመንድን ከመድረኩ አንሥተን ለዚህ ሰው ብናቀርበው ምን ይጠይቀዋል? ስለ ዮናስ? ምላሱ ይታሰራል።

ያልተጻፈው ተውኔት

ይህን አዲስ እንግዳ የገጠመው በፔንሲልቬኒያ የዶቨር ከተማ ጉዳይ ነው። በ2004 የትምህርት ቦርዱ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ መግለጫ እንዲነበብ ወሰነ፤ የዳርዊን ትምህርት «ንድፈ ሐሳብ እንጂ ሐቅ አይደለም»፣ ክፍተት አለበት፣ ስለ ጥበበኛ ንድፍ ማወቅ የሚፈልግ «ስለ ፓንዳዎችና ስለ ሰዎች» የተባለውን መጽሐፍ ይመልከት የሚል። የሳይንስ መምህራኑ አናነብም አሉ። ጥር 2005 ላይ አስተዳዳሪዎች ክፍል እየገቡ አነበቡት። አሥራ አንድ ወላጆች ከሰሱ።

ስለ «ንድፈ ሐሳብ» አንድ ቃል እንበል። በኛ ቋንቋ ንድፈ ሐሳብም ንድፍም ከአንድ ሥር ነው የወጡት፤ ስለዚህ ላልለመደ ጆሮ «ንድፈ ሐሳብ» ገና ያልተጠናቀቀ፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ነገር ይመስላል። በሳይንስ ግን ቃሉ የሚሰጠው ብዙ ተፈትኖ ለቆመ፣ ብዙ ሐቆችን በአንድ ላይ ለሚያስረዳ ማብራሪያ ነው። የዶቨር መግለጫ የተጫወተው በዚህ በጆሮ ስሕተት ነው።

ችሎቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 4 ቀን 2005 ዘለቀ። ዴይተን ላይ ጁሪው ያልሰማቸው ሊቃውንት እዚህ ተሰሙ። ለወላጆቹ መጀመሪያ የመሰከረው የባዮሎጂ ሊቅ ኬኔት ሚለር አማኝ ካቶሊክ ነው፤ የካቶሊክ የነገረ መለኮት ሊቅ የሆነው ጆን ሆትም መስክሯል። እንግዲህ «አማኝ በአንድ ወገን፣ ሳይንስ በሌላ» የሚለው የመድረክ አሰላለፍ የት ገባ? ለወጥመዱም ሚለር የታወቀ መልስ አለው፤ ሁለት ክፍል ቢወልቅለት አይጥ ባይዝም ከረባት ይይዛል። አንድ ነገር ዛሬ ለሚሠራው ሥራ ሳይበቃ ትናንት ለሌላ ሥራ ሊያገለግል ይችላል ማለቱ ነው። ቢሂም በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ፣ እሱ ለሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ የሚሰጠው ትርጉም ኮከብ ቆጠራንም እንደሚያካትት አመነ። ኮከብ ቆጠራን! እዚህ ላይ የሚሳቅ ካለ ይሳቅ፤ ሳቁ የመጣው ከጭብጡ ከራሱ ነውና።

ለኛ ለሥነ ጽሑፍና ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ልብ የሚያሞቅ ክፍል አለው። ከሁሉ ከባዱን ማስረጃ ያቀረበችው ባርብራ ፎረስት የፍልስፍና መምህር ናት። የብራና ቅጂዎችን እያነጻጸርን የቱ ቀዳሚ፣ የቱ የተፋቀ መሆኑን እንደምንለየው ሁሉ፣ እሷም የዚያን የ«ፓንዳዎች» መጽሐፍ ረቂቆች በየተራ ደረደረቻቸው። የ1987ቱ ፍርድ ሳይሰጥ «የፍጥረት አማኞች» ይል የነበረው ረቂቅ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ «የንድፍ ደጋፊዎች» ይላል፤ ትርጓሜው እንዳለ ነው። በአንድ ረቂቅ ላይማ የቀየረው እጅ ቸኩሎ የአሮጌውን ቃል ራስና ጭራ ትቶ አዲሱን መሃሉ ላይ ሰክቶበታል። ሥራቸው ባዮሎጂ ነው እያላችሁ ይህን ክርክር ለሳይንስ ፋኩልቲ የምትተዉ ጓደኞቻችን፣ ፍርዱን ካጋደሉት ነገሮች አንዱ የጽሑፍ ንጽጽር መሆኑን አስቡ።

ዳኛ ጆን ጆንስ በሪፐብሊካኑ ፕሬዚደንት በጆርጅ ቡሽ የተሾመ ሰው ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2005 በ139 ገጽ ፍርዱ ጥበበኛ ንድፍ ሳይንስ አለመሆኑን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ማቅረቡም ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። ከዚያ በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ የከተማው መራጮች ለምርጫ የቀረቡትን ስምንት የቦርድ አባላት በሙሉ አውርደዋቸው ነበር።

ሁለቱ መጻሕፍትና አንዷ ቦርሳ

የተውኔቱ የመጨረሻ ምስል ይታወቃል። ሁሉም ከወጣ በኋላ ድራመንድ መጽሐፍ ቅዱሱን በአንድ እጁ፣ የዳርዊንን መጽሐፍ በሌላ እጁ ይመዝናል፤ ከዚያ ሁለቱን ደርቦ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ቆንጆ ነው። ከመካከላችን ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ ከሰዓት ላቦራቶሪ የሚገባ ብዙ ስላለ ምስሉ የኛም ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ይህንኑ ምስል ከቦርሳው አውጥታችሁ ሰሌዳ ፊት ብታቆሙት የሉዊዚያና ሕግ ይሆናል። ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት እጅ፣ እኩል ሚዛን! ደራስያኑ እንዲህ ሊሉ አልፈለጉም፤ ቢሆንም ቦርሳውንና ክፍሉን የሚለይ አንድ ቃል አላስቀመጡም። የሰው ቦርሳ የሰው ነው፤ የፈለገውን ይያዝበት፤ እዚያ ፈራጁ ኅሊናው ነው። በባዮሎጂ ሰዓት ግን መምህሩን ተማሪው የሚጠይቀው «ማስረጃው የታል?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ነገር በጨዋነት ብቻ እኩል ወንበር አያገኝም። እኩል መከበር ለሰዎች ነው። ለሐሳቦች የሚገባቸው መፈተን ነው። ተውኔቱ ይህን ገለበጠው፤ ሰውየውን አዋረደ፣ ሐሳቡን ሳይፈትነው ለቀቀው። ሐሳቡም ስም ቀይሮ ተመለሰ።

እንግዲህ «ነፋስን መውረስ» አይነበብ አንልም። ይነበብ፤ በመድረክም ይሠራ። ግን የሚያዘጋጀው ጓደኛችን ብሬዲን እንደ ቂል እንዳያስጫውተው አደራ እንላለን፤ ሥጋቱን ይስጠው፣ የማሎንን ጭብጨባ ለሕዝቡ ይመልስ፣ የሃንተርን ገጽ ድራመንድ እጅ ላይ ያኑር። ለመጻፍ የሚሞክሩ ደግሞ ዶቨርን ያስቡ። እንድታነቡ የታዘዛችሁትን አንድ ገጽ ወረቀት «አናነብም» ብላችሁ ከገዛ ክፍላችሁ ስትወጡ፣ ተማሪዎቹ ዓይን ዓይናችሁን ሲያዩ። እዚያ የሚሞት ሰው የለም፤ የሚጮህም የለም። ለአንድ ገቢር ይበቃል ብለን እናምናለን።